ቤቷን ማን ይጠብቅላት?

ጫንጮ ለአዲስ አበባ ቅርብ ናት። እንጦጦን ተሻግሮ፣ ሱሉልታን አልፎ በጎጃም መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ይደርስባታል። ወተት የጫኑ መኪኖች ጎሕ ሳይቀድ በዚሁ መንገድ ወደ መዲናዋ ይወርዳሉ። ከጫንጮ ወደ ምዕራብ ታጥፎ ወደ ደርባና ወደ ሙገር በሚወስደው መንገድ ደግሞ ሲሚንቶ የጫኑ ከባድ መኪኖች ይመላለሳሉ። ምጥ የያዛት ሴት አስፋልቱ ላይ ከደረሰችና አምቡላንስ ካገኘች፣ አዲሱ ገበያን አልፋ ጳውሎስ ሆስፒታል ለመግባት ከአንድ ሰዓት ብዙም የሚበልጥ ጊዜ አይወስድባትም። እዚያ ቀዶ ሕክምና አለ፣ ደም አለ፣ የማህፀን ሐኪም አለ። ካርታ ዘርግቶ ለሚያይ ሰው በዚህ አካባቢ አንዲት እናት በወሊድ የምትሞትበት ምክንያት አይታየውም።

ካርታው ግን የሚጀምረው ከአስፋልቱ ነው፤ የሴቶቹ መንገድ የሚጀምረው ከጎጆአቸው ደጃፍ። ሜዳው ላይ ለሚኖሩት ክረምት ሲገባ መረሬው አፈር ውኃ ጠግቦ እንኳን ለመኪና ለበቅሎም አይመችም። ወደ ሙገር ሸለቆ ቁልቁል የሰፈሩት ደግሞ ዳገቱን የሚወጡት በቃሬዛ ነው፤ አራት ጎልማሶች ተሸክመው፣ ሌሎች ከኋላ ተከትለው፣ እየተቀያየሩ። ከጫንጮ ወጣ ብላ ባለች ጤና ጣቢያ በሚድዋይፍነት ስመደብ ይህን ሁሉ ለማየት ጊዜ አልፈጀብኝም። ዳገትና ጭቃ ዓይን ላለው ሁሉ ይታያል። ዓመታት የፈጀብኝ በጎጆው ውስጥ ያለውን ማየት ነው።

በማዋለጃ ክፍል ዘግይታ የደረሰችን እናት ሁሉም ሰው የሚጠይቃት አንድ ጥያቄ አለ፤ «ለምን ቶሎ አልመጣሽም?» ካርድ ክፍል ይጠይቋታል፣ እኛ እንጠይቃታለን፣ ሪፈር ስንልካትም የሚቀበሏት ይደግሙላታል። መልስ አትሰጥም። ጥያቄው ወቀሳ መሆኑ ስለሚገባት አንገቷን ትደፋለች፤ ነጠላዋን ወደ አፏ ትስባለች። ዝምታዋን እንደ አላዋቂነት የሚቆጥረው ብዙ ነው።

አጨዳ በደረሰበት ሰሞን አንዲት እናት በቃሬዛ መጣች። ቤቷ ወልዳ የእንግዴ ልጁ ቀርቶባት ስትደማ አድራለች። ሕፃኑ ደኅና ነበር። የእንግዴ ልጁን አወጣንላት፣ ጉሉኮስ ተሰካላት፣ የማህፀን ማኮማተሪያ መርፌውን ወሰደች፣ ደሙ ቆመ። አብረዋት የመጡት ሴቶች የክትትል ካርዷን ሰጡኝ፤ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ጭቃ ሳይነካው ተቀምጧል። አራቱንም ክትትል ጨርሳለች። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቷን ወስዳለች። የደም ማነስ መከላከያ እንክብሏን ወስዳለች። ትወልዳለች ተብሎ የተገመተው ቀን በእኔ በራሴ እጅ ተጽፏል፤ አንድም ቀን አላለፈም።

በማግስቱ ተረኝነቴን ጨርሼ ስወጣ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጥኩ። የምናወራው በአፋን ኦሮሞ ነበር። ለምን ዘገየሽ አላልኳትም። «ምጡ ሲጀምርሽ ቤትሽ እንዴት ነበር?» አልኳት።

«ላሚቱ ከወለደች ሳምንቷ ነው» አለችኝ። «ከእኔ ሌላ ሰው አታስነካም። ካልታለበች ጡቷ ያብጣል። የወተቱ መኪና ደግሞ ሰው አይጠብቅም፤ የአንድ ቀን ከጎደለ ከወሩ ሒሳብ ላይ ይጎድላል። ባለቤቴ አጨዳ ላይ ነው። ትልቋ ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ከሷ በታች ሁለት አሉ። አማቴ ዓይናቸው ደክሟል። ምጡ የጀመረኝ ማታ ነው። ቤቱን ለማን ጥዬ ልሂድ?»

ትንሽ ዝም ብላ ጨመረችልኝ፤ «እቀራለሁ አላልኩም እኮ። ጠዋት አልቤ እሄዳለሁ ብዬ ነበር።»

ይህቺ ሴት ያስተማርናትን ሁሉ ታውቃለች። የአደጋ ምልክቶቹን ብትጠየቅ ከእኔ እኩል ትቆጥራቸዋለች። ደም ብዙ ከፈሰሰ፣ ራስ ምታት ከጠና፣ ዓይን ከጋረደ፣ የሽርት ውኃ ቀድሞ ከፈሰሰ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ እንዳለባት ታውቃለች። ያጣችው ሰው ነው። ያን ሌሊት ከልጆቿ ጋር የሚያድር፣ ሲነጋ ላሚቱን አባብሎ የሚያልብ ሌላ ሰው። እኛ ደግሞ ይህን ጠይቀናት አናውቅም ነበር፤ በክትትል ካርዱ ላይም ይህ የሚጻፍበት ቦታ የለም።

ከዚያ ወዲህ ቁጥሮችን የማነበው በሌላ ዓይን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከሠለጠነ ባለሙያ ቢያንስ አንድ ጊዜ የእርግዝና ክትትል ያገኙ እናቶች 62 በመቶ ነበሩ። በጤና ተቋም የተወለዱት ሕፃናት ግን 26 በመቶ ብቻ። በ2019 በተካሄደው አነስተኛ ጥናት ሁለቱም ከፍ ብለው 74 እና 48 በመቶ ደረሱ። ይህን ዕድገት አሳንሼ አላየውም። በ2000 በጤና ተቋም የሚወለዱት ከመቶ አምስት ነበሩ፤ በእነዚሁ ጥናቶች ግምት ከ100 ሺህ ሕያው ልደት የሚሞቱት እናቶች በ2000 ከነበረው 871 በ2016 ወደ 412 ወርደዋል። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች በእግራቸው ያመጡት ለውጥ ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ለክትትል መጥታ ለወሊድ የምትቀረዋ ሴት መንገዱን ታውቀዋለች፤ ደጃችንን ታውቀዋለች፤ ስማችንንም ታውቃለች። ክትትሉን ከገበያ ቀን ጋር ታገጣጥመዋለች። ጠዋት አልባ፣ ቂጣውን ጋግራ፣ ቅቤና እንቁላሏን ይዛ ትወጣለች፤ ሸጣ፣ ተመርምራ፣ ጨውና ቡና ገዝታ ከብቱ ሳይገባ ትመለሳለች። ምጥ የገበያ ቀን አይጠብቅም። ለስንት ሰዓት ወይም ለስንት ቀን እንደምትቀር አስቀድማ ማወቅ አትችልም።

እ.ኤ.አ. በ2011 በተካሄደው ተመሳሳይ ጥናት በጤና ተቋም ያልወለዱ እናቶች ምክንያታቸውን ሲጠየቁ ከመቶ 61 ያህሉ «አስፈላጊ አይደለም» ብለው መልሰዋል። ይህ አኃዝ በየስልጠናው ይጠቀሳል፤ ማኅበረሰቡን ማስተማር ይቀረናል የሚል መደምደሚያም ይከተለዋል። እኔ ግን ያቺን እናት አስባለሁ። ቅጽ ይዞ በሯ ላይ ለቆመ እንግዳ ስለ ላሟና ስለ አማቷ ዓይን ከምታወራ፣ አያስፈልገኝም ብላ ብትሸኘው ምን ይገርማል?

እርግጥ ነው ያስፈልጋታል። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ከባድ ደም መፍሰስ ጤነኛ የነበረችን ሴት በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድላት ይችላል። በሙገር አቀበት ላይ ሁለት ሰዓት ግማሽ መንገድ ነው። የማህፀን ማኮማተሪያው መርፌ ቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ ይፈልጋል፣ የሚወጋው ሰው መሠልጠን አለበት፣ ደሙ ካልቆመ የሰው ደም ያስፈልጋል። የሕፃኑ ጭንቅላት በዳሌ አጥንት መሀል ተቀርቅሮ ቀናት ካለፉ ደግሞ ከሞት የተረፈችውን ሽንት መቆጣጠር የሚያሳጣው ፊስቱላ ይጠብቃታል። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1959 ከአውስትራሊያ መጥተው በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሥራ ሲጀምሩ ያገኟቸው ሴቶች እነዚህ ነበሩ፤ በ1974 አዲስ አበባ ላይ የፊስቱላ ሆስፒታላቸውን የከፈቱትም ለእነሱ ነው። እኔን ከሁሉ የሚነካኝ ግን በ2007 የከፈቱት የሚድዋይፎች ኮሌጅ ነው። ገጠር ያደጉ ልጃገረዶችን ተቀብሎ አሠልጥኖ ወደየመጡበት ይመልሳል። የተቀደደውን ሲሰፉ የኖሩ እጆች መቀደዱን ከምንጩ ለማስቆም ያሰቡት ገጠር ውስጥ የምትቀመጥ አዋላጅን ነው።

አሁን ለባልደረቦቼ እንኳ አውጥቼ ያልነገርኩትን ልናገር።

የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ቀኔ ሲቃረብ እንደ ወጉ እናቴ ቤት ገባሁ፣ ሱሉልታ። እናቴ የገንፎውን እህል አስፈጭታ፣ ቅቤውን አንጥራ፣ ለአራስ የሚሆነውን ጓዳ አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። ሌሊት ምጡ ሲጀምረኝ ከዚያ ጓዳ መውጣት አልፈለግኩም። እኔ፣ ቀን ሙሉ እናቶችን «ጤና ተቋም ውለዱ» የምለው ሴት፣ የደም መፍሰሱን በሊትር የምለካው ሴት፣ የእናቴን ወገብ ይዤ ምሰሶውን ተደግፌ «እዚሁ ልውለድ» አልኳት። የምፈራው ሕመሙን አልነበረም። ደማቅ መብራት ሥር፣ ከማላውቃቸው ሰዎች መሀል፣ ጀርባዬ ላይ ተኝቼ ብቻዬን መሆንን ነው። እንዲህ ያለውን ክፍል በደንብ አውቀዋለሁ፤ የምሠራው በአንዱ ውስጥ ነው።

ሄድኩ። በሰላም ወለድኩ፤ ያዋለዱኝ እጃቸው ይባረክ። እናቴ ግን ወደ ውስጥ አልተፈቀደላትም። ተንበርክኬ ላምጥ ብዬ ነበር፣ አልጋው ላይ ተኚ ተባልኩ። እናቴ ከበሩ ውጭ ሆና «ማርያም፣ ማርያም» ስትል ድምጿ ይሰማኝ ነበር፤ ያ ድምፅ ከተሰጠኝ መድኃኒት የማያንስ ብርታት ሆኖኛል። ቤታቸው የሚወልዱ እናቶች ይህን ድምፅ ከአጠገባቸው ያገኙታል። ጎረቤቶች ይሰበሰባሉ፣ አንዷ ወገቧን ትደግፋለች፣ አንዷ ቡና ታፈላለች፣ አንዷ እሳት ታነዳለች፣ ሁሉም ማርያምን ይጠራሉ። ልጁ ሲወለድ እልል ይባላል። ይህን ሁሉ ትተሽ ነይ ስንላት በምትኩ ምን እንደምንሰጣት የገባኝ ያኔ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ምጥ ላይ ያለች ሴት የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን፣ የምታምጥበትንም አኳኋን ራሷ እንድትመርጥ ይመክራል። ለዚህ ማሽን አያስፈልግም፤ መጋረጃ፣ ምንጣፍና ፈቃደኝነት ይበቃል። ወደ ሥራ ስመለስ እኛ ጋ መጋረጃውን ሰቀልን። እናት፣ አማት ወይም እህት መግባት ጀመሩ። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ አንዳንዴ ሥራውን ያጨናንቃል፤ ቢሆንም እናት ስትጮህ ከእኛ ቀድሞ የሚያረጋጋት እጅ አለ። በብዙ ጤና ጣቢያዎች ገንፎ ማገንፋትና ቡና ማፍላት እንደተለመደው እኛም ጀመርን። ከዚያ ወዲህ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚባለው በእኛ ግቢ ውስጥም ሆነ።

የላሟ ጥያቄ ግን ገና አልተመለሰልንም ነበር።

ስለ እናቶች ማቆያ መጀመሪያ የሰማሁት ተማሪ ሳለሁ ነው። ወልቂጤ አቅራቢያ ያለው የአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1976 በግቢው ውስጥ ማቆያ አቋቋመ። ቤታቸው የራቀ ወይም ቀድሞ በወሊድ የተቸገሩ ሴቶች ቀናቸው ሲቃረብ መጥተው፣ ስንቃቸውን ይዘው፣ ራሳቸው እያበሰሉ ይጠብቃሉ፤ ምጡ ሲመጣ ጥቂት እርምጃ ተራምደው ማዋለጃ ክፍል ይገባሉ። ከ1987 እስከ 2008 በሆስፒታሉ የወለዱ 24 ሺህ ያህል እናቶች መዝገብ ሲመረመር፣ የእናቶች ሞት በማቆያው አልፈው ከወለዱት መሀል ከ100 ሺህ ሕያው ልደት 90 ያህል፣ በቀጥታ ከመጡት መሀል ደግሞ 1,333 ሆኖ ተገኘ። ሙት የተወለዱት ሕፃናት በማቆያ ካለፉት ከሺህ 18 ያህል ሲሆኑ፣ በቀጥታ ከመጡት 191 ነበሩ። በቀጥታ ከመጡት መሀል ምጡ ከጠናባቸው በኋላ በቃሬዛ የደረሱ ብዙ ስለሚሆኑ ልዩነቱን ሁሉ ማቆያው አመጣው ማለት አይቻልም። ቢሆንም ቀድሞ መምጣት ምን ያህል ነፍስ እንደሚያተርፍ ከዚህ በላይ የሚያሳይ አላየሁም።

ማቆያዎች ከዚያ ወዲህ በመላ አገሪቱ በየጤና ጣቢያው ተሠርተዋል። የእኛም ክፍል አልጋ ተዘርግቶለት፣ ብርድ ልብስ ተነጥፎበት ለረጅም ጊዜ ባዶውን ቆመ። ምክንያቱ አሁን ግልጽ ነው፤ አንድ ሌሊት ቤቷን መተው ያቃታትን ሴት፣ ሁለት ሳምንት ተይው እያልናት ነበር።

ስለዚህ ውይይቱን ከእሷ ወደ ቤተሰቧ አዞርነው። ሰባተኛ ወሯን ስትይዝ ባሏንና አማቷን ይዛ እንድትመጣ እንጠይቃለን፤ ካልቻሉ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤታቸው ትሄዳለች። የምንጠይቀው ተራ ነገር ነው። ማን ያልባል? ከማን ጋር ላሚቱን ከአሁኑ ታለማምዷታላችሁ? እንጀራውን ማን ይጋግራል? ኩበቱን ማን ይጠፈጥፋል? ትንሹ ልጅ ከማን ጋር ያድራል? ባሎቹ በመጀመሪያ ይስቃሉ፤ ጤና ጣቢያ ስለ ላም ሲጠይቅ ሰምተው አያውቁም። ቀጥሎ ዝም ይላሉ። ሚስታቸው በቀን ምን ምን እንደምትሠራ አንድ በአንድ ሲቆጠር መስማት ለብዙዎቹ የመጀመሪያቸው ነው። አንድ አባወራ ቆጥሮ ሲጨርስ፣ «ይህንንማ ለመሸፈን ሦስት ሰው ያስፈልገኛል» አለን፤ ሦስቱንም ግን እዚያው ተቀምጦ በስም ጠራቸው።

ከአማቶች ጋር የተደረገው ውይይት ግን ሌላ ነው። ምራትን ወደ ጤና ጣቢያ የማይልኩት እነሱ ናቸው ሲባል ሰምቼ ነበር። አንዲት አማት ተነሥተው የተናገሩትን አልረሳውም። «ልጄ፣ እኔ ስምንት ጊዜ ነው ያማጥኩት፤ ሁሉንም እጎጆዬ። ሦስቱን አፈር በልቶብኛል። ምራቴ እንደኔ ትሁን የምል ይመስልሻል?»

«እንግዲያው እማማ፣ ምን ያስቸግርዎታል?» አልኳቸው።

«እናንተ ትወስዷታላችሁ፣ እኔ ቀርቼ መንገድ መንገዱን አያለሁ። ውሰዷት፤ እኔንም አብራችሁ ውሰዱኝ።»

ወሰድናቸው። ማቆያው ውስጥ ያለው ምድጃ የተጎለተው እሳቸውና ጓደኞቻቸው ከመጡ በኋላ ነው። የሰፈሩ የሴቶች እድር ለቀብር ብቻ የሚሰበሰብ ለምን ይሆናል ብለው የጠየቁትም እነዚሁ እናቶች ናቸው። አሁን የእድሩ አባል የሆነች ነፍሰ ጡር ማቆያ ስትገባ ጎረቤቶቿ ተራ ገብተው ቤቷን ይይዙላታል፤ ገብስና ሽሮ ለማቆያው ይዋጣል። ክፍሉ ከሞላ ቆይቷል።

ያልሞላው ሌላ ቦታ አለ። በ2016ቱ ጥናት እጅግ ሀብታም ከሆነው የሕዝቡ አንድ አምስተኛ ከሚወለዱት ሕፃናት ከመቶ 70 ያህሉ በጤና ተቋም ሲወለዱ፣ እጅግ ድኻ ከሆነው አንድ አምስተኛ 11 ብቻ ነበሩ። የወሊድ አገልግሎት በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው፤ ካርድም መድኃኒትም አይከፈልበትም። ድኻዋን የሚያስቀራት ከነፃው ውጭ ያለው ነው። አምቡላንሱ ቢያመጣትም መልሶ አያደርሳትም፤ የባጃጅ ትከፍላለች ወይም አራስነቷን ይዛ በእግሯ ትሄዳለች። አስታማሚዋ ምሳ ትበላለች። ባሏ የቀን ሥራ የሚሠራ ከሆነ እሷ ጋ የዋለበት ቀን አይከፈለውም። መዋጮውን መክፈል ስለማትችል እድር ውስጥ የለችም፤ እድር ውስጥ ከሌለች ተራ የሚገባላት ጎረቤት የለም። የጀመርነው መላ ሁሉ ጥቂትም ቢሆን ላላት ሴት የሚሠራ መሆኑን ያየሁት እንዲህ ያሉትን ስጠይቅ ነው።

ባሏ ለሥራ ርቆ የሄደ፣ በሰው ቤት እንጀራ እየጋገረች የምትኖር አንዲት ነፍሰ ጡርን «ልጆችሽን ማን ይይዝልሻል?» አልኳት። «ማንም» አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ማቆያው ለነፍሰ ጡሯና ለአንዲት አስታማሚ እንጂ ለልጆች አይፈቅድም ነበር። ሁለቱንም ልጆቿን ይዛ እንድትገባ አደረግን። አማቶቹ ለልጆቹ ገንፎ ሰጧቸው፣ ማታ ማታም ተረት ያወሩላቸው ነበር። እሷም በደኅና ተገላገለች፤ ደም ቢፈሳትም ክፍሉ አጠገቡ ስለነበር በጊዜ ቆመ።

ከዚያ ወዲህ ልጆቿን ይዛ የመጣች እናት አትመለስም። አልጋ ግን አልተጨመረም። የልጆቹ ምግብ ከእናቶቹ መዋጮ ላይ ነው የሚቀነሰው፤ በበጋ ይበቃል፣ ነሐሴ ላይ ጎተራው ሲሟጠጥ አይበቃም። የአራሷ መመለሻ ትራንስፖርትም በማንም በጀት ውስጥ የለም። የዓመቱ ዕቅድ በሚወጣበት ስብሰባ ላይ እነዚህን ሦስቱን አነሣለሁ፦ የልጆች አልጋ፣ የክረምት እህል፣ የመመለሻ መኪና። ባለፈው ስብሰባ እህሉ በዕቅዱ ገባ። ሁለቱ ቀርተዋል።